አትላንታ ድረስ የሄደ ደብዳቤ

ከአትላንታ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሕንፃውና ስለ መንገዱ ነው። ሕንፃውንም መንገዱንም አይቻለሁ፤ እንደ አቅሜም አውርቻለሁ። እዚህ የምጽፈው ግን ማንም ያልጠየቀኝን ነው። በሄድኩበት ሁሉ በቦርሳዬ የጎን ኪስ አንድ ገጽ ደብዳቤ አብሮኝ ይዞር ነበር። መንገደኛው እኔ ልሁን ደብዳቤው፣ እስካሁን አልለየልኝም።

በደቡብ በኩል ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ግን ሲሾምም የሚበላው የለውም። ሥራው የፎቶኮፒ ወረቀት መለመን፣ የፈተና ፕሮግራም ማውጣትና መምህራን ሲኳረፉ መሀል መግባት ነው። አንድ ቀን ዲናችን አስጠሩኝና አሜሪካ ውስጥ እንደኔ ላሉ ኃላፊዎች የአራት ቀን ሥልጠና እንዳለ ነገሩኝ። ወረቀቱ ላይ «አካታች የሥራ ቦታ» ይላል። መምህሩ ሁሉ ክፍሉን የእኔ ብሎ እንዲሠራ ኃላፊው ምን ማድረግ አለበት ለማለት ነው። «ለምን እኔ ተመረጥኩ?» ብላቸው፣ «በእናንተ ክፍል ጠብ የለማ» አሉኝ። ደስ አለኝ። እውነትም ጠብ አልነበረም።

ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ መምህርት ዘሃራ ቢሮዬ መጣች። ዘሃራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ተማሪ የሚወዳት፣ ድምፅዋ የማይሰማ መምህርት። ደብዳቤ ሰጠችኝ። አራት መስመር ነው። በግል ጉዳይ ምክንያት ከሴሚስተሩ መጨረሻ ጀምሮ ሥራዋን ስለምትለቅ እንድናሰናብታት በትህትና ትጠይቃለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም አልሆንኩም ዶክተር። የግል ጉዳይ ነው።»

«እንግዲህ ስመለስ እፈርመዋለሁ» አልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጥሩ መምህርት ማጣታችን ቆጭቶኛል። ግን ሰው በግል ጉዳይ ካለ አይመረመርም ብዬ ዝም አልኩ፤ እንዲያውም በጨዋነቴ ኮራሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ጀማል የሚባል መምህራችንም በግል ጉዳይ ብሎ ለቆ ነበር። ያን ጊዜም ሳልጠይቅ ነው የፈረምኩት።

ዘሃራ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «አትላንታ ነው አሉ የሚሄዱት? አጎቴ እዚያ ነው። እደውልለታለሁ፤ ብቻዎን አይሆኑም» አለችኝ። በማግስቱ የአጎቷን ስልክና ለእሱ የማደርስለትን ሁለት ኪሎ በርበሬ ይዛልኝ መጣች።

እሑድ

አትላንታ የደረስኩት እሑድ ከሰዓት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ለብቻው ከተማ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚያደርስ ባቡር በሆዱ ይዟል። ፍተሻው ላይ ወጣቱ ፖሊስ የበርበሬውን ፌስታል ፈታና አፍንጫውን አስጠጋ። ከልክዬው ነበር፣ አልሰማኝም። ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰ። ዓይኑን እያበሰ «ምግብ ነው?» አለኝ። «ምግብ ነው» አልኩት። ለእኔ አዝኖ መሰለኝ፣ አሳለፈኝ።

ጋሽ ይማም፣ የዘሃራ አጎት፣ ስሜን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈው ቆመው ነበር። ስልሳን ያለፉ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አቅፈው ሳሙኝ፤ ሻንጣዬንም ቀሙኝ።

«እንኳን ደህና መጡ! ይቅርታ፣ ፓርክ ያደረግኩት ራቅ ይላል። እዚህ በር ላይ አያስቆሙም፤ ወዲያው የቅጣት ቲኬት ነው።»

ገና ሃይዌዩ ላይ ሳንወጣ ጠየቁኝ። «ልጃችን እንዴት ናት? ሥራው ተስማማት?»

«በጣም ደህና ናት። ጎበዝ መምህርት ናት» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም። ቦርሳዬ ግን ጭኔ ላይ ነበር፤ ሳላስበው የጎን ኪሱን በእጄ ሸፈንኩት።

ሥልጠናውን የሚሰጡት ሰዎች ዲኬተር በሚባል ሰፈር ሆቴል ይዘውልኝ ነበር። ጋሽ ይማም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ። «ዘመድ እያለ ሆቴል? ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?» አሉ። ባቡሩ ለሥልጠናው እንደሚቀርበኝ አስረድቼ ሳበቃ፣ «እሺ፣ ትሬኒንጉ እስኪያልቅ። ቅዳሜ ግን የእኛ ነዎት፤ ቤታችን ሊቶኒያ ነው፣ ሩቅ አይደለም» ብለው ለቀቁኝ። እሳቸው ሩቅ አይደለም የሚሉት መንገድ በእኛ አገር ስንቅ ያስይዛል።

ክፍሌ ሥጋ የሚያሳድሩበት ማቀዝቀዣ ይመስል ነበር። መስኮቱ አይከፈትም፤ ብርዱን የሚነፋው መሣሪያም በምን እንደሚጠፋ አላወቅኩም። ጃኬቴን ከነካልሲዬ ለብሼ ተኛሁ። ጠዋት እንግዳ መቀበያው ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት ሁኔታዬን አይተው ክፍሌ ድረስ መጡና አንዲት ቁልፍ ተጫኑ። በቃ፣ ያቺው ነበረች። «ለምን አልደወልክም?» አሉኝ። ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው አልኳቸው። አልገባቸውም።

ሰኞ

ባቡሩ ላይ ስወጣ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መሄዴን ያወቅኩት ሕንፃዎቹ እያነሱ ዛፉ እየበዛ ሲሄድ ነው። ደግሞም የአትላንታን ዛፍ አይቶ ከተማ ውስጥ ነኝ ብሎ ማመን ይከብዳል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን የለም። ከባቡር ወርጄ እስከ ሥልጠናው አዳራሽ ስጓዝ ያገኘሁት ውሻ የሚያናፍስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እንደጠፋሁ አውቆ «ልርዳህ?» አለኝ። እኛ አገር ለአቅጣጫ አንድ ሰው ስትጠይቅ ሦስቱ ተሰብስበው ይከራከሩልሃል። እዚህ አንዱም ሲገኝ ዕድል ነው።

ሃያ ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። ሃያ የምንሆን ኃላፊዎች ነን። ዋናዋ አሠልጣኝ ዶክተር ካረን ይባላሉ፤ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍልን ለረጅም ጊዜ መርተው ጡረታ የወጡ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ያለፈው ራሳችንን በማስተዋወቅና በማማረር ነው። የእነሱን ምሬት ስሰማ ልቤ አረፈ። ለካ እዚያም ኃላፊነቱን የሚፈልገው የለም፣ በተራ ነው የሚደርሳቸው፤ እዚያም መምህራን በሎድ፣ ማን ስንት ኮርስ ያስተምር በሚለው፣ ይጣላሉ፣ እዚያም የፎቶኮፒ ማሽኑ ፈተና ሲደርስ ነው የሚበላሸው።

ማክሰኞ

ማክሰኞ ዶክተር ካረን ባዶ ወረቀት አደሉን። «ባለፈው ዓመት በክፍላችሁ የተወሰኑ ሦስት ትልልቅ ነገሮችን ጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ደግሞ የት እንደተወሰነ፣ በምን ቀን፣ እነማን እንደነበሩ ጻፉ» አሉ። ሌላው ሁሉ ሲያስብ እኔ በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ። ሦስቱም የእኔ ውሳኔዎች የተወሰኑት አንድ ቦታ ነውና። አርብ ምሳ ሰዓት፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለው ሥጋ ቤት።

ተነስቼ በኩራት ተናገርኩ። እኛ ዘንድ ከጾም ወራት በቀር አርብ ምሳ የክፍሉ ነው፤ እንደኔ የሚጾመው በጾሙ፣ የማይጾመው በቁርጡ አንድ ጠረጴዛ እንከባለን አልኩ። ኮርስ የሚደለደለው፣ ኮሚቴ የሚመረጠው፣ የድኅረ ምረቃውን ኮርስ ማን ያስተምር የሚባለው እዚያው ነው። ሌላው ክፍል በሦስት ስብሰባ የማይጨርሰውን እኛ ሥጋው ሳያልቅ እንጨርሳለን፤ የሰኞው ሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። አዳራሹ ሳቀ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። ዶክተር ካረን «የማይገኝ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሁሉም ተጋብዟል» አልኩ።

«ድንቅ ነው» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ሆቴሌ ገባሁ ማለት እችላለሁ።

ረቡዕ

ረቡዕ እጾማለሁ። ከመምጣቴ በፊት የተላከልኝ ቅጽ ላይ «የማትበላው ምግብ አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። እንግዳ ሆኖ ምግብ መምረጥ ነውር መስሎኝ «ሁሉንም እበላለሁ» ብዬ ሞልቼው ነበር። ምሳ ሲመጣ በየስማችን የታሸገ ካርቶን ሆኖ መጣ። የእኔን ስከፍተው ዶሮና አይብ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ራጂቭ፣ የሕንድ ተወላጅ የሆነ ማሪዬታ ከምትባል ከተማ የመጣ ሰው፣ የእሱን አትክልት ሊያካፍለኝ ፈለገ። እኔው ነኝ «ሆዴን ስላመመኝ ነው» ብዬ የመለስኩት። ውሃ ብቻ ይዤ ከጠረጴዛው ዳር ተቀመጥኩ። ሁሉም እየበላ ያወራል፤ ውሃ ይዞ የተቀመጠ ሰው ወሬ ውስጥ መግባት ያቅተዋል። ጥቂት ቆይቼ ሙዝ ልፈልግ ወጣሁ።

ሙዝ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ስመለስ ቡድናችን ሐሙስ የሚያቀርበውን ጽሑፍ ተከፋፍሎ ጨርሷል። ማን እንደሚከፍት፣ ማን እንደሚያብራራ፣ ማን ጥያቄ እንደሚመልስ ሁሉም ተይዟል። «አንተ ሰዓት ትይዝልናለህ» አሉኝ በፈገግታ። ማንም ክፉ አልሆነብኝም። እሺ አልኩ። ግን ተናደድኩ፤ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ ሰዓት ያዥ! ሙዙን ብቻዬን ኮሪደር ላይ በላሁት።

ሐሙስ

ሐሙስ ሰዓት ያዝኩ። አምስት ደቂቃ ሲቀር ካርድ አነሳሁ፣ ሲያልቅ ሌላ ካርድ አነሳሁ።

መጨረሻ ላይ ዶክተር ካረን ስለሚለቁ መምህራን ተናገሩ። ከንግግራቸው አንዱ አልረሳኝም። «የሚለቅ ሰው ደብዳቤው ላይ የሚጽፈው ማንንም የማያስቀይመውን ምክንያት ነው። እኔ ኃላፊ ሆኜ ያንን እያመንኩ አራት መምህራን ሸኝቻለሁ» አሉ። እጄ ቦርሳዬን ዳበሰ። ወዲያው ግን የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። እያንዳንዳችን ስንመለስ በመጀመሪያው ሳምንት የምናደርገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ ስንጠየቅ፣ የመሰብሰቢያ ክፍላችንን የተሰበሩ ወንበሮች አስጠግናለሁ ብዬ ጻፍኩ።

አርብ ዕረፍት ነበር። ጋሽ ይማም ከጁምዓ ሲመለሱ መጥተው ከተማውን አዞሩኝ። ግማሹ መንገድ ፒችትሪ ነው የሚባለው። በዚህ ላይ ፒችትሪ ስትል የትኛው ብለው ይጠይቁሃል።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ይማም ከጎረቤታቸው ከተስፋዬ ጋር መጡ። ተስፋዬ በዲቪ የመጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያለው ጎልማሳ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ በግ ልንገዛ እየሄድን ነበር። አየሩ ጥሩ ነበር፣ ሥልጠናው አልቋል፣ ጨዋታ አማረኝ። ማክሰኞ ያስጨበጨበልኝን የሥጋ ቤት ታሪክ ለእነሱም አወራሁላቸው፤ በአማርኛ ስለሆነ ደግሞ እያሳመርኩ። ሥጋ ቆራጩን ጭምር ቀዳሁላቸው። ተስፋዬ ከኋላ ሆኖ ሳቀ። ጋሽ ይማምም መጀመሪያ ሳቁ።

ከዚያ ፍሬቻ አሳዩ፣ መስመር ቀየሩ፣ አንድ ትልቅ ጭነት መኪና አሳለፉ።

«ዶክተር» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «ዘሃራስ የት ትበላለች?»

አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ሙስሊም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ፣ ክርስቲያንም የሙስሊሙን እንደማይበላ በአገራችን የማያውቅ ልጅ የለም፤ የጾሙም ምግብ የሚሠራው በዚያው በሥጋ ቤቱ ድስትና ቢላዋ ነው። ዘሃራ በተቀጠረች በመጀመሪያው ወር አንድ አርብ መጥታ ነበር። ለስላሳ ይዛ ከጠረጴዛው ዳር ተቀመጠች፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ክፍል አለኝ ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ እኛም «ዓይን አፋር ናት» አልን። የቀረባት ሥጋ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሥጋው መሀል እየተቆረሰ ይሰጥ የነበረው ግን ኮርሱም ኮሚቴውም ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ዘሃራ የያዘችው አንድ ኮርስ ነው፣ የአንደኛ ዓመቱን፣ ሁለት መቶ ተማሪ የሚታጨቅበትን። የተማረችበት የድኅረ ምረቃ ኮርስ ሲከፈት በጠረጴዛው ላይ ለነበረ ሰው ተሰጠ። የሚቃወም አልነበረም። ያልመጣ ሰው ድርሻው የተረፈው ነው። ጀማልስ? ጀማል የት ይበላ ነበር?

ይሄን ጊዜ የረቡዕ ሙዝ ትዝ አለኝ። እኔ አንድ ቀን ብቻ ሰዓት ያዝኩና ልቤ ቆሰለ።

«አላውቅም፣ ጋሽ ይማም» አልኩ በመጨረሻ።

«እሺ» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እርሻው ላይ ሁለት በግ ተገዛ። አንዱን ጋሽ ይማም ቢስሚላህ ብለው አረዱ፤ ሌላውን ተስፋዬ በስመ አብ ብሎ አረደ። ለእኔ ብለው ሁለተኛ በግ በመግዛታቸው ተሳቀቅኩና «ለአንድ እንግዳ ይህን ያህል? እኔ እኮ ሽሮም ይበቃኛል» አልኩ።

«ለእርስዎ ብቻ አይደለም» አለ ተስፋዬ ቢላዋውን እያጠበ። «አሥር ዓመት ጎረቤት ነን፤ ኦልሬዲ ሲስተሙ ይሄ ነው። የእኔን ቤተሰብ ሲጠሩ ሁለት፣ እኛም እነሱን ስንጠራ ሁለት።»

ሊቶኒያ ያለው ቤታቸው ስንደርስ የጋሽ ይማም ሚስት እትዬ ከዲጃ ሁለት ድስት ጥደው ጠበቁን። የአንዱ ድስት ክዳንና የአንዱ ቢላዋ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ እሱ የተስፋዬ ሚስት የምትሠራበት ነው። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣ አንዷ የሌላዋን ማማሰያ ሳትነካ፣ ሽንኩርቱን ግን ከአንድ መክተፊያ እያነሱ ይሠሩ ነበር። ሲቀርብ ሁለት ትሪ ሆኖ በአንድ ጠረጴዛ ቀረበ። ወጡ የተሠራው በዚያ ፖሊስ ባስነጠሰው በርበሬ ነው። እንደዚያን ቀን ጣፋጭ ምግብ በልቼ አላውቅም።

«እናቴ ቤት» አሉ ጋሽ ይማም፣ እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ፣ «ሰርግ ሲደገስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ‹ማን ነው የሚመጣው?› የሚለው ነው። ቢላዋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ አገር በር ላይ ‹ሁሉም እንኳን ደህና መጣ› የሚል ይለጥፋሉ። ጥሩ ነው፤ አልጠላውም። ግን በር መክፈት አንድ ነገር ነው፣ ድስት መጣድ ሌላ ነው።»

አራት ቀን ሙሉ ማስታወሻ ስጽፍ ነበር የሰነበትኩት። ይህን ግን ለመጻፍ እስክሪብቶ አላስፈለገኝም።

ከምግቡ በኋላ አላስቻለኝም። ቦርሳዬን አመጣሁና ደብዳቤውን አውጥቼ ነገርኳቸው። ልትለቅ መሆኑን፣ ደብዳቤውን እሑድ በመኪናቸው ውስጥ በእጄ ሸፍኜ መቀመጤን፣ ሁሉንም። እትዬ ከዲጃ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ስንደውልላት ሁልጊዜ ‹አልሃምዱሊላህ፣ ሥራው ጥሩ ነው› ነው የምትለን» አሉ።

አሜሪካ ያደገችው ልጃቸው ሰሚራ ወደ እኔ ዞረች። «ላይክ፣ ለምን ጀስት አልጠየቅካትም?»

«ጠየቅካት ይባላል? አልጠየቋትም በይ!» አሉ እናቷ።

«ሶሪ። ለምን አልጠየቋትም? አሁን ኮል እናድርግላት፣ ስፒከር ላይ።»

«በስልክ አይሆንም» አሉ ጋሽ ይማም። ደብዳቤውን ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም። «ለእርስዎ የተጻፈ ነው፣ እኔ ላነበው አይገባኝም። እኔም በዚያ ዳር ሆና ‹ጥሩ ነው› ስትለኝ አምኜ ስልኬን ዘግቻለሁ፤ ስለዚህ የምፈርድብዎ ሰው አይደለሁም። ብቻ አራት መስመር ነው ካሉኝ፣ አምስተኛውን እርስዎ ይጠይቋት።»

እሑድ፣ መመለሻ

ጠዋት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስንነሳ እትዬ ከዲጃ አንድ ካርቶን ሰጡኝ። ለዘሃራ ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ምግብ ሙሉ ቀን ትኩስ አድርጎ የሚያቆይ የምሳ ዕቃ ነው አሉ፤ ጠዋት በማለዳ ከሱቅ ያመጡት። «ቢሮዋ ብቻዋን የምትበላ ከሆነ፣ ትኩስ ትብላ» አሉኝ። እኔን ለመውጋት አልነበረም፤ አክስት ናቸውና እንደ አክስት አሰቡ። እኔን ግን ወጋኝ። ያን ካርቶን በአውሮፕላኑ ከላይ አላስቀመጥኩትም፤ እስከ አዲስ አበባ እግሬ ሥር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው እያልኩ መጣሁ። ስለ መምህራን አያያዝ ልማር ባሕር ተሻግሬ ስሄድ የያዝኳት መምህርት ከእጄ እየወጣች ነበር።

ረቡዕ፣ ከተመለስኩ በኋላ

የዘሃራ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ቀጥሎ ነው። ኃላፊዋ ሆኜ ስትቀጠር ቁልፍ ካስረከብኳት ወዲህ ገብቼበት አላውቅም። ስታየኝ ደንግጣ ብድግ አለች።

«እንኳን ደህና ገቡ ዶክተር! አጎቴ ደህና ነው? በርበሬው ደረሰ?»

«ደረሰ። ፖሊስም ቀምሶታል» አልኩና አክስቷ የላኩላትን ካርቶን መሆኑን ነግሬ ሰጠኋት። ከፍታ አየችውና ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ ፈገግታዋ ጠፋ። አክስቷ ለምን የምሳ ዕቃ እንደላኩላት ራሷን እየጠየቀች መሰለኝ።

«ዘሃራ፣ አርብ አርብ ምሳ የት ነው የምትበዪው?» አልኳት።

የጠረጴዛዋን መሳቢያ ሳበችው። በሶ የተቋጠረበት ፌስታልና አንድ ማንኪያ ነበረበት። «እዚሁ» አለች። «ከበላሁ በኋላ ሰኞን እጠብቃለሁ። ሰኞ ሰሌዳው ላይ ምን እንደማስተምር አነባለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሥጋ አትብሉ ልበል?»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ለሰው ይቅርታ መጠየቅ አይከብደኝም ነበር፤ ይሄኛው ከበደኝ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የክፍሉ ጉዳይ ሁሉ ሐሙስ በመሰብሰቢያ ክፍሉ ብቻ እንደሚታይ፣ የድኅረ ምረቃው ኮርስም እንደገና እንደሚደለደል ነገርኳት። ደብዳቤውን አውጥቼ ሳልፈርምበት ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። «ቅሪ ብዬ አላስገድድሽም። ግን ይሄን እንዲህ ሆኖ አልፈርመውም። እውነተኛውን ምክንያት አምስተኛ መስመር አድርገሽ ጽፈሽ ከመለስሽልኝ እፈርማለሁ» አልኳት።

ትቀደዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልቀደደችውም። በመጣበት እጥፋት አጠፈችና መሳቢያው ውስጥ፣ ከበሶው ሥር አስገባችው።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው ያሉኝ?» አለች።

ይህን ስጽፍ አራተኛው ሐሙስ አልፏል። አርብ ሥጋ ቤት መሄዳችንን አልተውንም፤ እዚያ የሚከፋፈለው ግን ሥጋ ብቻ ሆኗል። ያኮረፉም አሉ፣ ዲኑ ከእንግዲህ ጠብ የለም አይሉንም። በሁለተኛው ሐሙስ ዘሃራ በፈተና ፕሮግራሙ ላይ አልስማማም ብላ በሁሉም ፊት ተከራከረችኝ፤ ተሸነፍኩ። ድምፅዋ ለካ ይሰማል።

ባለፈው ሰኞ ቢሮዋ ገብቼ ስናወራ እስክሪብቶ ልትሰጠኝ መሳቢያውን ከፈተች። ደብዳቤው እዚያው ነው። እሷም ማየቴን አየች። እስክሪብቶዋን ሰጥታኝ መሳቢያውን ቀስ ብላ ዘጋችው።